ጥሩምባ ሲነፋ

 የፊደል ገበታውን ጨርሳችሁ ወደ ንባብ የገባችሁ ሁሉ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ጽሑፉ በእጃችሁ ያለ፣ ጣታችሁን ከመስመሩ ላይ አድርጋችሁ ከእኔ ጋር ተከተሉ። የሌላችሁ ደግሞ አዳምጡ፤ ኋላ ከጎረቤት ተውሳችሁ ታነቡታላችሁ።

የዛሬው ንባባችን ርዕስ ሁለት ቃል ነው። «ጥሩምባ ሲነፋ» ይላል። ጥ - ሩ - ም - ባ። አራት ፊደል ነው። ቃሉን ዛሬ ገና ያነበባችሁት ብትሆኑም ድምፁን ግን ከልጅነታችሁ ጀምሮ ታውቁታላችሁ።

ንጋት ላይ ነው እንበል። ዶሮ ጮኋል፤ ሰው ገና ከመኝታው አልተነሣም። ከወደ ታች ሰፈር ጥሩምባ ይሰማል። ያን ጊዜ በየቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ብድግ ይላል። ሀብታሙም ድኻውም የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማን ሞተ?» ይላል። ጥሩምባ ነፊው እየተጠጋ ይመጣል። የሟቹን ስም፣ የቤቱን አቅጣጫ፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ይናገራል። ከዚያ ወደሚቀጥለው መንደር ያልፋል።

ይህ ሰው የእድር ጥሩምባ ነፊ ነው። እድር ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። ሆኖም በየቀኑ የምናየውን ነገር አንዳንድ ጊዜ ቆም ብለን ካላየነው ያመልጠናል። ስለዚህ እስቲ ዛሬ አብረን እንየው።

እድር የቀብርና የመረዳጃ ማኅበር ነው። አባሉ በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ያዋጣል። ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ ገንዘብ ያዥ አለው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሳህንና ብርጭቆ አለው። አባሉ ወይም የአባሉ ቤተሰብ ሲሞት ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፤ መቃብር ያስቆፍራሉ፤ ሬሳ ይሸከማሉ። ሴቶቹ እንጀራ ይጋግራሉ፤ ወጥ ይሠራሉ፤ ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ውሃ ይቀዳሉ። ሐዘንተኛው ቤት እሳት አይነድም። እዝን ከየቤቱ ይመጣል። ለቅሶ የተቀመጠው ሰው ቢያንስ ሦስት ቀን ለብቻው አይተውም።

ስለ መርዶ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር። እኔ እንደማስበው የሰው ልጅ የፈለሰፈው ትልቁ ጥበብ ማሽን ብቻ አይደለም። ክፉ ወሬ ለሰው እንዴት እንደሚነገር ማወቅም ጥበብ ነው።

አንዲት ሴት ወንድሟ ሩቅ አገር ሞተባት እንበል። ወሬው ማታ ደረሰ። የሰማው ሰው ሮጦ ወደ እሷ ቤት አይሄድም። አፉን ይዞ ወደ ዘመድ ወይም ወደ እድሩ ዳኛ ይሄዳል። እነሱም ይመካከራሉ። «ዛሬ ማታ አይነገራት፤ እራቷን በልታ ትተኛ» ይባላል። ሌሊቱን እሷ ስትተኛ ጎረቤት አይተኛም። አንዷ ውሃ ታዘጋጃለች፤ አንዷ የቡናውን ዕቃ ታሰናዳለች፤ ወንዶቹ ድንኳኑን ከግምጃ ቤት ያወጣሉ። ንጋት ላይ አሥር አሥራ አምስት ሰው ከበሯ ይቆማል። እሷ በሩን ትከፍታለች። ሰዉን ታያለች። ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም መናገር አያስፈልገውም። በግራና በቀኝ ሁለት ሴቶች ቀድመው ቆመዋል። ስትወድቅ ይይዟታል።

እነዚያ ሁለት ሴቶች እነማን ናቸው? አንዷ የክርስትና እናቷ ልትሆን ትችላለች። ሌላዋ ግን በአጥር ምክንያት ዓመት ሙሉ ያኮረፈቻት ጎረቤት ልትሆን ትችላለች። ይህ ሲሆን አላያችሁም? እኔ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በአጥር የተጣላ ሰው ለቅሶ አይቀርም። ቢቀር ሰው ይታዘበዋል። እርግጥ ነው፣ ቅጣት ፈርቶ የሚመጣም አለ። በእድሩ ደንብ ቀብር የቀረ ይቀጣልና። ይምጣ! ፈርቶ የመጣ ሰው ትከሻም ሬሳ ይሸከማል።

በሰፈር እድር ውስጥ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ጉራጌው፣ ትግሬው፣ ዶርዜው አንድ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ብዙ ቦታ ክርስቲያኑና እስላሙ አብረው ናቸው። አቀባበራቸው ይለያያል። አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ ወደ መካነ መቃብሩ ይሄዳል። ሥጋ እንደሆነ አንዱ የሌላውን አይበላም። ታዲያ ምን ይደረጋል? ምስር ወጥ፣ ሽሮና ንፍሮ ይቀርባል። ከዚያ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይቀምሳል። ይህን ሊቃውንት ተሰብስበው አልወሰኑትም። ወጥ የሚሠሩት ሴቶች በምድጃ ዳር የጨረሱት ነገር ነው።

ታዲያ ይህ ማኅበር ከየት መጣ? አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ለሥራና ለንግድ ከየአገሩ ይጎርፍ ጀመር። አገሩ ላይ ያለ ሰው ቢሞት ወንድሙ፣ አጎቱ፣ የአጥቢያው ሰው ይቀብረዋል። ከተማ የመጣው ግን ማን አለው? ጎረቤቱ ቋንቋውን አያውቅም፤ የእናቱንም ስም አያውቅም። ስለ እድር ካጠኑ ምሁራን ብዙዎቹ የእድርን መነሻ የሚያያይዙት ከዚሁ ነገር ጋር ነው። በተለይም ከጉራጌ አገር ወደ አዲስ አበባ ለሥራ የመጡ ሰዎች በመጀመሪያ እንዳቋቋሙት ይናገራሉ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ከዚያም በኋላ እየተስፋፋ ሄደ። አንዳንዱ እድር የአንድ አገር ልጆች ይሆናል፤ አንዳንዱ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች። እኔ ግን የምወደው የሰፈሩን ነው። በሰፈር እድር ሰው ጎረቤቱን መርጦ አይገባማ!

ቀባሪ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ አዲስ አበባ አንድ ጊዜ ክፉኛ አይታለች። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. ነው። በዓለም ሁሉ የተዛመተ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወደ ከተማይቱ ገባ። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ተጽፏል። ከተማዋ ደግሞ ያን ጊዜ እንደ ዛሬው ሰፊ አልነበረችም። በሽታው ጎጆና ቤተ መንግሥት አለየም። አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፣ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት፣ ራሳቸው በጠና ታመው ተርፈዋል።

በዚያ ወር ሰውን ያስጨነቀው ሞቱ ብቻ አልነበረም። በአንድ ቤት ያሉት ሁሉ አብረው ሲታመሙ ውሃ የሚያቀብል ይጠፋል። ቆፋሪው ራሱ ይታመማል። ሬሳ የሚሸከም ይጠፋል። ያን ጊዜ ሰው ለሰው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በግልጽ ታየ። አንድ ኩባያ ውሃ የሚያቀብል ጤነኛ ጎረቤት ከወርቅ በለጠ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ የማጤስ ልማድ ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ ሲነገር ትሰማላችሁ። «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው እሱ ነው። ዛሬ ጭሱ ራሱ ለጤና ጥሩ እንዳልሆነ ይነገራል፤ መጥረጉ ግን መልካም ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። ያን ጊዜ ደግሞ መሰብሰብ ራሱ አደጋ ሆነ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ከደጅ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተመለሰ። ሐዘንተኛውን አቅፎ አለማልቀስ ስንቱን ሰው እንዳንገበገበ ታስታውሳላችሁ። ልማዱ ምን ያህል በሥጋችን ውስጥ እንደነበረ ያወቅነው ስንከለከል ነው።

አንዳንድ ሰው «እድር የኛ ብቻ ነው፤ ሌላ አገር ሰው ለሰው አያዝንም» ሲል እሰማለሁ። ይህ እውነት አይደለም። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አገሩ ጣሊያን ነው። ዘመኑ ግን በጣም ሩቅ ነው፤ ከዛሬ 1,900 ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ከሮም ከተማ በስተደቡብ ላኑቪዩም የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። ላ - ኑ - ቪ - ዩ - ም። ለማንበብ ትንሽ ታስቸግራለች፤ ደግማችሁ ሞክሯት። በዚያች ከተማ ሰዎች የቀብር ማኅበር አቋቋሙ። ደንባቸውንም በእብነ በረድ ላይ አስቀረጹት። ድንጋዩ እስከ ዛሬ አለ፤ ቃሉም ይነበባል። ምን ይላል መሰላችሁ? አዲስ አባል ሲገባ የመግቢያ ገንዘብ ይክፈል፤ አንድ እንስራ ጥሩ ወይን ጠጅም ያምጣ ይላል። በየወሩም መዋጮ ይክፈል ይላል። አባሉ ሲሞት ማኅበሩ ቀብሩን ያስፈጽማል፤ ከተመደበው ገንዘብም ለቀብር ለመጡት ሰዎች ይከፋፈላል። አባሉ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቢሞት ሦስት ሰዎች የመንገድ ስንቅ ተሰጥቷቸው ሄደው ይቅበሩት ይላል። መዋጮውን ሳይከፍል የቆየ ግን ቀብር የለውም ይላል። ይህን ስታነቡ የሰፈራችሁ እድር ደንብ አልመሰላችሁም?

ከማኅበሩ አባላት መካከል ባሮች ነበሩ። በዚያ ዘመን ባርያ የጌታው ንብረት ነው፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ባርያው ሞቶ ጌታው በክፋት ሬሳውን አልሰጥም ቢልስ? ደንቡ ይህንንም አስቦበታል። ሬሳው ባይገኝም የሰውየውን ምስል አድርገው ሥርዓተ ቀብሩን ይፈጽሙለታል። ጌታው ሬሳውን ሊከለክል ይችላል። ጓደኞቹ እንዳያለቅሱለት ግን ሊከለክል አልቻለም።

አሁን ወደ አገራችን ተመለሱ። በእኛ አገር ሰው ሩቅ ሄዶ ሲሞትና ሬሳው ሳይመጣ ሲቀር ምን እናደርጋለን? ፎቶግራፉን እናወጣለን። ኮቱን፣ ጋቢውን፣ ነጠላዋን ይዘን እናለቅሳለን። ከላኑቪዩም ሰዎች ጋር ማንም አላስተዋወቀንም። የሚለየን ዘመን፣ ቋንቋና ሃይማኖት ነው። ሆኖም ሬሳ የተነፈገ ሰው እጅ ባዶ ሆኖ መቅረት አይችልም፤ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። እነሱም ፈለጉ፤ እኛም እንፈልጋለን።

ይህ ዛሬ የብዙ ቤት ችግር ነው። ልጆቻችን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። አንዳንዷ ስትሞት ሬሳዋን ለማምጣት ብዙ ገንዘብና ብዙ ወረቀት ያስፈልጋል። አብረዋት በዚያ አገር የሚሠሩ ልጆች ከደመወዛቸው ያዋጣሉ። ብዙዎቹ በመልክ እንኳ አያውቋትም። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም በየከተማው እድር አቋቁመዋል። በአውሮፕላን ማዶም ቢሆን ሰው የመጀመሪያ ሥራው ቀባሪ ማፍራት ሆኗል ማለት ነው።

እንግዲህ እስካሁን መልካሙን ተናገርን። የሚጎረብጠውንም እንናገር።

እድር መዝገብ ነው። መዝገብ ካለ ደግሞ ከመዝገብ ውጭ የሆነ ሰው አለ። የወር መዋጮ መክፈል ያቃተው ስሙ ይሰረዛል። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚከራይ ሰው አይመዘገብም። የቀን ሠራተኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ በረንዳ የሚያድረው ልጅ እድር የለውም። በአንዳንድ ገጠር ደግሞ ሸክላ ሠሪውንና ቆዳ ፋቂውን ከእድር ያገለሉ ሰዎች ነበሩ። የሠሩትን ምጣድ ይገዙና ሠሪዋን አብረው አይቀብሩም! ይህን ምን ትሉታላችሁ? እኔ ነውር እለዋለሁ።

በሽታም ሰውን ከመዝገብ ሳይሰርዝ ከሰው ያወጣው ጊዜ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤድስ በከተሞች ብዙ ወጣት ገደለ። ጥሩምባው በሳምንት ብዙ ጊዜ ተነፋ። የእድሩ ሳጥን ባዶ እየሆነ ሄደ። ሰው ግን ስለ በሽታው አይናገርም። የታመመው ሰው በቁሙ ጎረቤት ይሸሸዋል፤ ሲኒውን ለብቻ ያደርጉበታል። ሲሞት ግን ያው ጎረቤት ድንኳን ተክሎ ያለቅሳል። በሽታው በሲኒ፣ በመጨበጥ፣ አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍ እየታወቀ እንኳ ብዙ ሰው ፈራ።

በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ አንዳንድ እድሮች ስብሰባ ጠርተው አንድ ከባድ ጥያቄ አነሡ። «ሰው ሲሞት ብቻ ነው እንዴ የምንደርሰው?» ተባለ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። «ገንዘቡ የቀብር ነው፤ ለሌላ አይነካም» ያለ ነበረ። ይህን ያለውም ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የራሱ ቀን ሲመጣ ሳጥኑ ባዶ እንዳይሆን ፈርቶ ነው። ቢሆንም ብዙዎቹ ደንባቸውን አሻሻሉ። የታመመ እንዲጠየቅ፣ ወላጅ አልባ ልጅ እንዲረዳ፣ ያረጀ ሰው እንዲታገዝ ወሰኑ። ትናንት ከበሽተኛው ደጅ ሲያልፉ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው የሚያነሡ ሴቶች አጥሚት ይዘው ገቡ። ገላውን አጠቡ። በ1997 ዓ.ም. የበሽታው መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀመር ደግሞ ሊሞት ነው የተባለው ሰው ተነሥቶ ሲሄድ አዩ። ከእነዚያ ሰዎች አንዳንዶቹ ዛሬ ራሳቸው ድንኳን ተካይ ናቸው።

አጥሚት ይዛ የገባችዋ ሴት ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ምን አየች? በሽታውን ለብዙ ወር ከሩቅ ስታየው ነበር። ቀርባ ያየችው ግን የተጠማ ሰው ነው። የእናቱን ስም ይጠራል። ሲገላብጡት ያፍራል። እሷም ባለፈው ዓመት የገዛ ባሏን እንዲሁ አገላብጣለች። ከዚያ ወዲያ ሲኒውን ለብቻ ማድረግ አልሆነላትም። ሰው ሰው መሆኑ በንግግር ሲነገር ሁሉም «እሺ» ይላል፤ የሚገባው ግን እንዲህ በእጅ ሲነኩት ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ማንበብ ጀምራችኋል። በእድራችሁ መዝገብ ላይ እስካሁን በጣታችሁ ትፈርሙ ከነበረ አሁን ስማችሁን መጻፍ ትችላላችሁ። በድሮ ጊዜ በአንድ እድር ፊደል የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ይገኝ ነበር። ያ ሰው ያነበበው ሁሉ እውነት ነው፤ ያላነበበው ሁሉ የለም። አሁን እንደዚያ አይደለም።

እድራችሁ የመተዳደሪያ ደንብ አለው። ጸሐፊውን ጠይቁት፤ ይሰጣችኋል። ቃሉ ጠንከር ያለ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። «አንቀጽ» ማለት የደንቡ አንድ ክፍል ነው። «ውዝፍ» ማለት ሳይከፈል የቆየ ዕዳ ነው። «ስንብት» ማለት ከአባልነት መውጣት ነው። ብዙ ደንብ ላይ ስለ ውዝፍ የሚናገር አንቀጽ ታገኛላችሁ። ስንት ወር ያልከፈለ እንደሚሰረዝ ይናገራል። እዚያ ላይ ጣታችሁን አቁሙ። ታሞ ያልከፈለ ሰው ምን ይሆናል? ሥራ ያጣስ? ባሏ የሞተባትስ፣ ስሟ ይቀጥላል ወይስ ከባሏ ጋር ይሰረዛል? በቤታችሁ የምትሠራው ልጅ ብትሞት ደንቡ ውስጥ አለች? መልሱ በደንቡ ውስጥ ካለ መልካም። ከሌለ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ እጃችሁን አውጥታችሁ ጠይቁ። «ይህ አንቀጽ ይሻሻልልን» ማለት የማንኛውም አባል መብት ነው። አለቃው ጠቅላላው ጉባኤ እንጂ ዳኛው አይደለም።

አፋችሁ እንዳይዘጋ ጥያቄውን ቤታችሁ ሆናችሁ በወረቀት ጻፉት። አንድ መስመር ይበቃል። ፊደሉ ቢጣመም ማንም አይስቅባችሁም። በስብሰባው ላይ ከወረቀቱ አንብቡት፤ ከዚያም ለጸሐፊው ስጡትና በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍላችሁ። ሲጽፈው አጠገቡ ቁሙ። ያላችሁትን ጽፎ እንደሆነ አሁን ማየት ትችላላችሁ።

ለሚቀጥለው ትምህርታችን ከደንቡ አምስት ከባድ ቃላት መርጣችሁ በደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁ ጠብቁኝ።